ብርድ ሲመጣ የሚጮኸው የመኪና ደወል፦ ያስጠነቅቃችኋል ወይስ ያሰለቻችኋል?

የሌሊቱ ሹፌር (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ ትንሽ የምትመስል፣ ለእኔ ግን የብርዱን ወራት ሙሉ ከጆሮዬ ያልወረደች ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት የገዛኋት አውሮፓ ሠራሽ መኪና የውጭው ሙቀት ወደ 37 ፋራናይት፣ ማለትም ወደ 3 ሴልሺየስ ገደማ ሲወርድ «ቲንግ» ብላ ትጮኽና በዳሽቦርዱ ላይ የበረዶ ቅንጣት ምልክት ታበራለች። የምሠራው ሌሊትና ማለዳ ነው። የእኛ አካባቢ ብርድ እንደ ሰሜኑ አንዴ መጥቶ የሚቀመጥ ሳይሆን ቀን ወደ 45 ወጥቶ ሌሊት ወደ 30 የሚወርድ፣ ውሃ በሚረጋበት ነጥብ ዙሪያ ሲወዛወዝ የሚከርም ስለሆነ፣ ደወሉ በአንድ ጉዞ ሦስትና አራት ጊዜ የሚሰማበት ቀን አለ። አውራ ጎዳና ላይ ስወጣ ይጮኻል፣ ከተማ ገብቼ መብራት ላይ ስቆም ምልክቱ ይጠፋል፣ ተመልሼ ስወጣ እንደገና ይጮኻል።

ባለፈው ሳምንት በማለዳው የአዲስ አበባ አውሮፕላን የገቡ አንዲት እናት ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ አሳፍሬ ስሄድ፣ ገና መንገዱን እንደያዝን ጮኸ። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው «ልጄ፣ ነዳጅ አለቀብህ እንዴ?» አሉኝ። «አይደለም እማማ፣ ውጭው ብርድ ነው እያለችኝ ነው» ብላቸው በመስኮቱ ተመልክተው «ይህንንማ እኔም አውቄዋለሁ» አሉና ዝም አሉ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጮኽ ግን ሳቃቸውን መቆጣጠር አልቻሉም።

ድምፁ ራሱ ከፍተኛ አይደለም። የሚያናድደኝ ቀበቶ ሳይታሰር፣ በር በደንብ ሳይዘጋ፣ ነዳጅ ሲያንስ የሚሰማው ድምፅም ያው አንዱ መሆኑ ነው። በሰማሁት ቁጥር የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ዓይኔ ከመንገዱ ተነሥቶ ወደ ዳሽቦርዱ ይወርዳል፤ መንገዱ ሊያዳልጥ ይችላል ብሎ ዓይንን ከመንገድ የሚያነሣ ማስጠንቀቂያ ደግሞ እርስ በርሱ የሚጣላ ነገር ሆኖብኛል። እናንተስ እንዴት ይዛችሁታል? ያጠፋችሁት ካላችሁ አካፍሉኝ።

ሰሜናዊ (ሚኒያፖሊስ)

ወንድሜ፣ እርስዎ በአንድ ጉዞ አራት ጊዜ ቢሰሙት እኔ ከኖቬምበር እስከ ማርች ሞተር ባስነሣሁ ቁጥር እሰማዋለሁ። ከዜሮ በታች 20 ሴልሺየስ በሆነ ማለዳ፣ የመስታወቱን በረዶ አሥር ደቂቃ ስፍቅ ቆይቼ፣ የጣቶቼ ጫፍ ገና ደንዝዞ ሳለ ጋቢና ስገባ፣ ምናልባት ውጭው ሳይበርድ አይቀርም ብላ የምታበሥረኝ መኪና ናት ያለችኝ። ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ጆሮ ዳባ ልበስ ከማለት ሌላ ምን ምርጫ አለ?

ከዚህም በላይ፣ ደወሉ የሚነግረን የብርድን መጠን እንጂ የአደጋን መጠን አይደለም። እዚህ የኖረ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በረዶ ከሁሉ የከፋ የሚያዳልጠው ብርዱ ሲጠና ሳይሆን ሙቀቱ ዜሮ ሴልሺየስ አካባቢ ሲሆን ነው። በዚያን ጊዜ በበረዶው ፊት ላይ ስስ የውሃ ሽፋን ስለሚኖር ጎማው የሚይዘው ነገር ያጣል። ከዜሮ በታች 20 ላይ ደረቅ የሆነው በረዶ ከዚያ ይልቅ ጎማን ይይዛል። (በሌላ በኩል ያን ጊዜ መንገድ ላይ የሚበተነው ተራ ጨው ጉልበት ያጣል፤ ከ15 ፋራናይት ወዲያ ብዙም አይረዳም።) ስለዚህ መኪናዬ 37 ላይና ከዜሮ በታች 4 ፋራናይት ላይ በአንድ ዓይነት ድምፅ ስትጮኽብኝ፣ ሁለቱን የማትለይ መሆኗን እያወጀች ነው።

ዝምታ ወዳድ (ሲያትል)

እኔ በአጭሩ ልመልስ። ድምፁ የሚወጣበትን ቦታ ፈልጌ በወፍራም ቴፕ አፈንኩት። ከዚያ ወዲህ ሰላም ነኝ።

አራት ጎማ (ዴንቨር)

ዝምታ ወዳድ፣ እባክዎ ያንን ቴፕ ዛሬውኑ ያንሡት። በአብዛኞቹ መኪኖች የብርዱም፣ የቀበቶውም፣ የፍሬኑም፣ የዘይቱም ማስጠንቀቂያ የሚወጣው ከአንድ ድምፅ ማጉያ ነው። እርስዎ ያፈኑት የበረዶውን ደወል ሳይሆን የመኪናዋን አፍ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። እዚህ ከመምጣቴ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ለአሥራ አራት ዓመታት በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ላይ ነበርኩና ስለ አሠራሩ የማውቀውን ልጻፍ። የውጭውን ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ከፊተኛው ፓራውልት ጀርባ፣ በአንዳንድ መኪኖችም በስፖኪዮው ሥር የተቀመጠ፣ መጠኑ ከባቄላ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ነገር ነው። ሲበርደው የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ይጨምራል፣ ሲሞቀው ይቀንሳል፤ መኪናዋም ከዚያ ተነሥታ ዲግሪውን ታሰላለች። ልብ ማለት የሚገባን ሴንሰሩ የሚለካው በፓራውልቱ ከፍታ ያለውን አየር እንጂ አስፋልቱን አለመሆኑ ነው። መንገዱ ከአየሩ ቀድሞ ሊረጋ ስለሚችል አምራቾቹ ዜሮ እስኪደርስ አይጠብቁም። ቢ ኤም ደብልዩ በ3 ሴልሺየስ ያስጠነቅቃል፤ በብዙ የቮልስዋገን ሞዴሎች ደግሞ ምልክቱ ከ4 በታች ሲሆን ይበራና ሙቀቱ ከ6 በላይ እስኪወጣ ሳይጠፋ ይቆያል።

ይህ በማብሪያውና በማጥፊያው መካከል ያለው የሁለት ዲግሪ ክፍተት ለከንቱ የተቀመጠ አይደለም። ክፍተቱ ባይኖር ኖሮ ሙቀቱ 4 ላይ ወዲያና ወዲህ ባለ ቁጥር ደወሉ አያርፍም ነበር። የሌሊቱ ሹፌር በአንድ ጉዞ አራት ጊዜ ይጮኻል ሲሉ ያስገረመኝም ይኸው ነው። ምልክቱ እንዲጠፋ የሚለካው ሙቀት ጥቂት ዲግሪ መውጣት አለበት፤ በማለዳው ጨለማ ከአውራ ጎዳና ወደ ከተማ ሲገቡ አየሩ በዚያ መጠን እየደጋገመ መሞቁን እጠራጠራለሁ። አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ፦ መብራት ላይ ቆመው ሳለ ዲግሪው ሲወጣ ያያሉ? ሌላስ፣ በቅርቡ የፊቱ ፓራውልት ተነሥቶ ያውቃል?

የምጠይቅበት ምክንያት አለኝ። አዲስ አበባ ሳለሁ አንድ ደንበኛ ፊታቸው ተለዋውጦ መጥተው «መኪናዬ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ነው እያለች በየማለዳው ትጮኽብኛለች» አሉ። ወሩ ሚያዝያ ነበር። የግጭት ጥገና ካሠሩ በኋላ የሴንሰሩ ሶኬት ሳይሰካ ቀርቶ ነው። ገመዱ የተቋረጠ ሴንሰር በብዙ መኪኖች ያንኑ ቁጥር ያሳያል። (የሚገርመው፣ ከዜሮ በታች 40 በሴልሺየስም በፋራናይትም አንድ ነው፤ ስለዚህ የዚህ ብልሽት ቁጥር አገር ቢቀይሩም አይቀየርም።)

ዘደብረ ብርሃን

እኛም ጋ ይጮኻል ብላችሁ ታምናላችሁ? ከአውሮፓ ያገለገለች መኪና ይዤ ከደብረ ብርሃን ወደ ጣርማበር በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ስወጣ፣ ከቤቴ በር ሳልርቅ ደወሉን እሰማለሁ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ስለሆነች፣ በበጋው ወራት ሰማዩ ጠርቶ፣ ነፋሱ ጸጥ ብሎ ባደረ ማግሥት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይነጋል።

ወንድማችን አራት ጎማ መሬቱ ከአየሩ ቀድሞ ይረጋል ያሉትን የእኛ ገበሬ ያለ ሴንሰር ያውቀዋል። ደመና ባለበት ሌሊት «ዛሬ ውርጭ አይጥልም» ብሎ ይተኛል፤ ከዋክብቱ ቁልጭ ብለው በታዩበት ሌሊት ግን ለባቄላው ይሠጋል። ደመናው ለምድር እንደ ጋቢ ነው። ጋቢው ሲገፈፍ የምድር ሙቀት ወደ ሰማይ ያመልጥና መሬቱ፣ ቅጠሉ፣ የመኪናው ጣራ ከዙሪያቸው አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛሉ። ስለዚህ በሰው ቁመት ላይ ያለው አየር 3 ዲግሪ ሆኖ ሳለ ባቄላው በውርጭ ተመትቶ ሊያድር ይችላል። አስፋልትም ከዚህ ሕግ አያመልጥም።

ሆኖም ደወሉ እዚህ ምን ይጠቅማል ብትሉኝ፣ እምብዛም እላለሁ። ውርጭ የሚጥልበት ወቅት ደረቅ ስለሆነ አስፋልቱ ላይ የሚረጋ ውሃ ብዙ ጊዜ የለም። ጣርማበር ላይ የሚያስፈራን ጉም ነው፤ ለጉም ደግሞ የሚጮኽ ነገር መኪናዬ ውስጥ የለም። የአንዱ አገር ጥንቃቄ ተሸምቶ ሌላ አገር ሲገባ እንዲህ ይሆናል።

የስቶክሆልሟ ነርስ

ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሞቼ ደወሉን ስትረግሙት ዝም ብዬ ማንበብ አልቻልኩም፤ እኔ በዚህ ደወል ተርፌአለሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ጊዜው ኦክቶበር ነበር፤ ገና ማንም የክረምት ጎማ ያልቀየረበት፣ ቀኑ ፀሐያማ የሆነበት ሳምንት። (የክረምት ጎማ ግዴታ የሚጀምረው ዲሴምበር 1 ነው፤ ብርዱ ግን ሕጉን አንብቦ አይመጣም።) የሌሊት ተራዬን ጨርሼ ጎሕ ሳይቀድ ወደ ቤቴ ስነዳ መንገዱ ደረቅ ነበር፤ ማታ ዘንቦ ማባራቱን እንኳ ረስቼዋለሁ። ዲግሪው 6 ነበር፣ 5 ሆነ፣ ቀጥሎ ደወሉ ጮኸና 4 አየሁ። ድካም ስለነበረብኝ ያለ ደወሉ ቁጥሩን ልብ እንደማልለው እርግጠኛ ነኝ። እግሬን ከነዳጅ መስጫው አነሣሁ፣ ከፊቴ ካለው መኪና ራቅ አልኩ። ድልድዩ ላይ ስደርስ መሪው በእጄ ውስጥ በድንገት ቀለለ፤ ሳሙና በተቀባ ሰሌዳ ላይ የምሄድ መሰለኝ። ፍሬን ሳልነካ መሪውን ቀጥ አድርጌ አለፍኩ። ከፊቴ የነበረው ሰው ግን ፍሬን ይዞ ኖሮ፣ መኪናው ወደ ጎን ዞራ የድልድዩን አጥር ስትፍቅ አየሁ። ሰውየው ደኅና ነበር። ድልድይ ከላይም ከታችም ንፋስ ስለሚያገኘው፣ ከሥሩም ሙቀት የሚሰጠው አፈር ስለሌለው፣ ከሌላው መንገድ ቀድሞ እንደሚረጋ የመንጃ ፈቃድ ስማር ተነግሮኝ ነበር። ትምህርቱን ከአእምሮዬ ጓዳ ያወጣልኝ ግን ያ አንድ «ቲንግ» ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

ቢሆንም የሌሊቱ ሹፌር ያነሡት ቅሬታ ትክክል ነው፤ በሙያዬም በየቀኑ አየዋለሁ። በሆስፒታል የሕሙማን መከታተያ መሣሪያዎች ላይ ከፍተኛ አደጋን የሚያመለክተው ድምፅ ፈጣንና ተደጋጋሚ ነው፤ ቀላሉ ጉዳይ ደግሞ በዝግታ፣ በለዘበ ድምፅ ይነገራል። ነርሷ ጀርባዋን ሰጥታ ሳለ የትኛው እንደሆነ በጆሮዋ ትለያለች። እንዲያም ሆኖ ድምፁ ሲበዛ ጆሮ ይደነዝዛል፤ ይህ በእኛ ሙያ ብዙ የሚነገርለት ችግር ነው። መኪናዎቹ ለብርዱ አንድ የራሱ ድምፅ ቢሰጡት፣ ያንንም ሙቀቱ በጉዞ ላይ ሳለን መስመሩን ወደ ታች ሲያልፍ ብቻ ቢያሰሙት፣ ከሚኒያፖሊሱ ወንድሜ ጋር የምንከራከርበት ነገር አይኖርም ነበር።

ሰሜናዊ (ሚኒያፖሊስ)

እኅቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። እኔም የምቃወመው የኦክቶበሩን ደወል ሳይሆን የጃንዋሪውን ነው። ሞተር ሲነሣ የሚሰማው ደወል ይቅር፣ በጉዞ ላይ የሚሰማው ይኑር ከተባለ ከአንቺ ጋር ነኝ።

ከዳላስ ቴክሳስ

ለዚህ ክርክር የእኛ አካባቢ ታሪክ ይጠቅም ይሆናል። በፌብሩዋሪ 11 ቀን 2021 ማለዳ በፎርት ወርዝ፣ በአይ 35 ዌስት አውራ ጎዳና ላይ ከ130 በላይ መኪኖች ተደራርበው ተጋጭተው 6 ሰዎች ሞተዋል። ያን ዕለት ማለዳ የወረደው ከባድ በረዶ አልነበረም፤ አስፋልቱን ሲነካ የሚረጋ ቀላል ካፊያ ነበር፣ የመንገዱም ክፍል ከፍ ብሎ የተሠራ ነው። ያን ማለዳ ወደ ሥራ ከሄዱት መካከል በጣም የማውቃቸው አሉ፤ እነርሱ በሰላም ገብተዋል።

ልብ በሉ፣ ብርዱ ከዜሮ በታች ከወረደ ከአንድ ቀን በላይ ሆኖት ነበር። በእነዚያ መኪኖች ውስጥ ደወል ቢኖርም የጮኸው ገና ከግቢ ሲወጡ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚለው ነገር አልነበረውም። ወሳኙ ነገር የተለወጠው ሙቀቱ ሳይሆን እርጥበቱ ነው፤ ሴንሰሩ ደግሞ ስለ እርጥበት አያውቅም። ስለዚህ እኅታችን እንዳሉት መስመር ሲታለፍ ብቻ ይጩኽ ቢባል እንኳ፣ የዚያን ማለዳው ዓይነት አደጋ በዝምታ ሊታለፍ ይችላል። የዝናብ መጥረጊያው ሥራ ላይ ሆኖ ሙቀቱ ከዜሮ በታች ሲሆን ጠንከር ያለ ሌላ ድምፅ ማሰማት ለአምራቾቹ የሚከብድ አይመስለኝም፤ ሁለቱንም መረጃ መኪናዋ በእጇ ይዛለች።

አራት ጎማ (ዴንቨር)

ይህ ሐሳብ መልካም ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ከሞቀ ምድር ቤት ማቆሚያ የምትወጡ ሰዎች፣ ሴንሰሩ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚነግራችሁ የጋራዡን ሙቀት ነውና አትመኑት። እውነተኛውን አየር እስኪያነብ ድልድዩን ልታልፉት ትችላላችሁ። ያን ጊዜ ደወሉ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

የሌሊቱ ሹፌር (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ይልቁንም አራት ጎማን። ጥያቄዎን ካነበብኩ በኋላ ለስድስት ሌሊት ደብተር ይዤ ቆጠርኩ፤ ደወሉ 19 ጊዜ ጮኸ። ከእነዚህ ውስጥ 13ቱ መብራት ላይ ወይም ተሳፋሪ ስጠብቅ ከቆምኩ በኋላ፣ እንደገና ፍጥነት ስይዝ የተሰሙ ነበሩ። በቆምኩበት ዲግሪው ከ36 ወደ 44፣ አንድ ቀን እስከ 47 ወጥቷል። ስልኬ ግን ያን ሰዓት ያለማቋረጥ 35 ይል ነበር።

ፓራውልቱም ተነሥቶ ያውቃል፤ በበጋ ከኋላ የመጣ ሰው ገፍቶኝ የፊቴን መኪና ስለነካሁ ተቀይሯል። ቅዳሜ ዕለት ባትሪ መብራት ይዤ ከሥሯ ተኛሁና ተመለከትኩ። ሴንሰሩ ከመያዣው ወጥቶ፣ በገመዱ ተንጠልጥሎ፣ ራዲያተሩን ተደግፎ አገኘሁት። ስቆም የራዲያተሩን ሙቀት ይለካል፣ ስነዳ ንፋሱ ያቀዘቅዘዋል፤ እኔም በየመንገዱ የምሰማው የገዛ ሞተሬን ወሬ ኖሯል። መያዣው ተሰብሮ ስለነበር ለጊዜው በፕላስቲክ ማሰሪያ ከቦታው አሰርኩት።

ድምፁን በተመለከተ፣ መመሪያ መጽሐፉ ላይ ማጥፊያ አላገኘሁም፤ ከፍ፣ መካከለኛና ዝቅ የሚል ምርጫ ግን አለ። ሴንሰሩን ካሰርኩ ወዲህ በሦስት ሌሊት ሁለት ጊዜ ብቻ ጮኸ። ሁለተኛው ትናንት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ ወደ ዊልሰን ድልድይ መውጫ ላይ ስደርስ ነበር። ዳሽቦርዱን ሳላይ እግሬን ከነዳጅ መስጫው አነሣሁ፤ ለካ ሌላ ሊሆን የሚችል ነገር ስላልነበረ ነው። ዝቅ ልል ነበር፣ ለጊዜው መካከለኛው ላይ ትቼዋለሁ።

አራት ጎማ (ዴንቨር)

የፕላስቲክ ማሰሪያው ብርድ ሲጠናበት ይሰባበራል። መያዣውን ያዝዙ፤ ዋጋው ጥቂት ብር ነው፣ ማለቴ ዶላር።